ከደንገጎ የሚመለሰው ካርቶን

ጎህ ሲቀድ የድሬዳዋ ገንደ ቆሬ ሰፈር ሰው ሰገነቱ ላይ ይወጣል። ፊቱን ሳይታጠብ ስልኩን ወደ አፉ ያስጠጋና የዕቃውን ስም እየጠራ «የት ደረሰ?» ይላል። ብርድ ልብሱ የት ደረሰ፣ የልጅቷ ጫማ የት ደረሰ፣ ትልቁ ድስት የት ደረሰ። ከሰገነት ሰገነት የሚሰማው አንድ ጥያቄ ነው፤ ከየስልኩ የምትመልሰውም አንዲት ትሑት ሴት ናት። ብርድ ልብስዎ ሰመራን አልፏል። ጫማው አዋሽ ነው። ድስትዎ ወደ ጋላፊ እየሄደ ነው፣ መልካም ቀን ይሁንልዎ።

ቤቶቹ ቁምሳጥን የላቸውም። ዕቃ ቆሞ ከሚያድር ሲዞር ቢያድር ይረክሳል ከተባለ ብዙ ዘመን ሆኗል። መጋዘኖቹን ሰው ገብቶ ይኖርባቸዋል፤ የሰው ንብረት ደግሞ ሹፌር በሌላቸው ረጃጅም መኪኖች ተጭኖ ከሞጆ እስከ በርበራ ሌት ተቀን ይዞራል። ሐረር የሚወጣ ሰው ሹራቡን ይጠራል። ልጁን የሚድር ሰው ሳህን ይጠራል። ሲጨርስ ደጁ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ዕቃውም ወደ ዙሩ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ነገር የታወቀ ስም አለው፤ በስሙ የሚጠራው ግን የለም። ሰው ሁሉ «መንገዱ» ነው የሚለው።

የድሬ ዕቃ እንደሚዘገይ አገር ያውቃል። ሌላ ከተማ በማግሥቱ የሚደርስ ብርጭቆ ድሬዳዋ ሳምንት ይፈጅበታል። ሙቀቱ ነው የሚሉ አሉ። መንገዱ ድሬን ጠምዶ ይዟል የሚሉም አሉ። ሰው ለምዶታል፤ ከለመደው ነገር ጋር ደግሞ ሰው ሙግት አይገጥምም።

ኤልዳና ግን የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«የናሆም ካርቶን የት ደረሰ?»

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ኤልዳና። ካርቶንዎ ደንገጎ ደርሷል።»

ደንገጎ ከሰገነቷ ይታያል። መኪኖቹ ከሐረር በኩል መጥተው ወደ ከተማዋ ቁልቁል መውረድ የሚጀምሩበት ተራራ ነው፤ በማለዳ መብራታቸው እንደ ዶቃ ተሰክቶ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ከእነዚያ መብራቶች በአንዱ ላይ የወንድሟ ካርቶን አለ። ኤልዳና ዐይኗን ከዚያ ሳትነቅል ሻይዋን ትጠጣለች። ከዚያ ወርዳ የስፌት መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች። በምሳ ሰዓት ትጠይቃለች፤ ካርቶኑ ሐረር ነው። ማታ ትጠይቃለች፤ ጅግጅጋ። በማግሥቱ በርበራ፣ አንዳንዴ ደግሞ እንዴት እንደሄደ ሳይታወቅ ታጁራ። ሰንብቶ ተመልሶ ደንገጎ ይመጣል። ደንገጎ ደርሶ ወደ ድሬ ወርዶ ግን አያውቅም።

«ለምን ተመለሰ?» ብላ ስትጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ «ካርቶንዎ አልተመለሰም። በጉዞ ላይ ነው።»

ድሬ ውስጥ ሰው ሰውን አንቱ አይልም። ሕፃኑ ሽማግሌውን አንተ ይላል፣ ሽማግሌውም ደስ ይለዋል። በዚያ ከተማ ኤልዳናን «እርስዎ» የምትላት ያች ድምፅ ብቻ ነበረች፤ ኤልዳናም በተባለች ቁጥር ከበስተኋላዋ ሌላ ሰው የቆመ ይመስላታል።

ናሆም በበርበራ ወደብ መርከብ ይቀባ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውል «አንድ ነገር ልኬልሻለሁ» አላት።

«ምን?»

«ስታዪው ትስቂያለሽ።»

«አቦ ንገረኝ።»

«ከነገርኩሽማ አሁን ትስቂያለሽ። ሳቅሽን ስልክ ላይ አታባክኚው።»

ከዚያ መርከብ ሲቀባ ከቆመበት መወጣጫ ላይ ወደቀ። ኤልዳና ይህን የሰማችው ከሰው አይደለም። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መኪና በሯ ላይ ቆመና ድንኳንና ወንበር አወረደ። ሰፈሩ ጸጥ አለ። የተጠራ ድንኳን እንደማንኛውም ዕቃ ነው፤ ሳይጠራ የመጣ ድንኳን ግን መንገዱ ከሰው ቀድሞ ሰምቷል ማለት ነው። ኤልዳና ደጃፏ ላይ ቆማ ወንበሮቹ አንድ በአንድ ሲዘረጉ አየች። ማን እንደሞተ ለማወቅ ለዘመዶቿ በየተራ ደወለች። ሁሉም አነሱ። ናሆም አላነሳም። ኋላ እንደታወቀው፣ ድንኳኑ ከሚኤሶ ሲነሳ ናሆም ሐኪም ቤት ተኝቶ ገና ይተነፍስ ነበር።

እዚያው በርበራ ቀበሩት። ድንኳኑ ሦስት ቀን ቆሞ በአራተኛው ማለዳ ወደ ሌላ ሰው ደጅ ሄደ። ኤልዳና አላለቀሰችም። ሰው ሊያጽናናት ሲያወራ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ጆሮዋ ግን ስልኩ ላይ ነው። ሁሉም ሰው የናሆም ነገር እንዳበቃ ያወራል፤ የናሆም ነገር ግን ገና መንገድ ላይ ነበር።

*

ከስፌት መኪናዋ በላይ ግድግዳው ላይ አንድ ክንድ አቡጀዲ ሰቅላለች። በሰማያዊ ክር ባሕሩን፣ በጥቁር ነጥብ ከተሞቹን ጠልፋበታለች። ካርቶኑ ያለፈባቸውን ቦታዎች ድምፅዋ አንድ በአንድ ትዘረዝርላታለች፤ ኤልዳና ደግሞ በቀይ ክር ከከተማ ከተማ እየወጋች ትከተላለች። በጠየቀች ቁጥር እስከዚያ ያለውን ሰፍታ ክሩን ትቋጥረዋለች። የልብስ ሰፊ ልማድ ነው፤ ያልተቋጠረ ክር ይተረተራል። ቀዩ ክር በዝቶ በዝቶ መሃሉ ላይ እንደ ጠባሳ አብጦ ነበር።

ከማዶ ካለው ሱቋ እየተሻገረች አቡጀዲውን የምታየው ጎረቤቷ ኢክራም ናት። የኢክራም ሱቅ እንደ ዘመኑ ሱቅ ሁሉ ባዶ ነው፤ ሰው የፈለገውን ይነግራታል፣ እሷ ትጠራለች። ውስጡ ያለው አንድ የእንጨት በርጩማ ብቻ ነው። የእናቷ ነበር። መንገዱ ላይ ወጥቶ የማያውቅ፣ በሰፈሩ ውስጥ ምናልባት ብቸኛው መቀመጫ።

«ዛሬስ የት ሄደ ይሄ ሥራ ፈት?» ትላለች ኢክራም፣ አቡጀዲውን እያየች።

«ታጁራ።»

«ምን ሊሠራ?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ሚስት አግብቶ ይሆናል እዚያ። ክብደቱስ?»

ይህ ነበር ኤልዳናን እንቅልፍ የነሳት። ካርቶኑ ከበርበራ ሲነሳ ከኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። በዞረ ቁጥር ይቀላል። ውስጡ ምን እንዳለ መንገዱ አይናገርም፤ ክብደቱን ግን ይናገራል። አንድ ኪሎ፣ ሰባት መቶ ግራም፣ አራት መቶ።

«ሐልዋ ነው» አለች ኢክራም። «አይጥ እየበላው ነው።»

«መኪናው ላይ አይጥ የለም።»

«እንግዲያው መኪናው ራሱ እየበላው ነው። ሹፌር የሌለው መኪና ማን ያበላዋል ብለሽ ነው?»

ኤልዳና ፈገግ አለች፤ ወዲያው ስልኳን አነሳች። ሁለት መቶ ስልሳ ግራም። ድምፅዋ በዚያ ቀን አንድ ነገር ጨመረች፦ «ለመረጃዎ፣ ክብደቱ ከሁለት መቶ ግራም በታች የወረደ ካርቶን ባዶ ተብሎ ይያዛል። ባዶ ካርቶን ተፈጭቶ አዲስ ካርቶን ይሆናል። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ኢክራም ቀልዷን ተወች። ካርቶኑ ከዚህ በኋላ ስንት ዙር እንደሚችል ሁለቱም በልባቸው አሰሉ።

*

ካርቶኑ ደግሞ ወደ ደንገጎ መቃረቡ ሲሰማ ሁለቱ ሴቶች ባጃጅ ይዘው ተራራውን ወጡ። ኤልዳና ልትለምነው ነው የሄደችው፤ ማንን እንደምትለምን ግን አላወቀችም። መንገዱ የሚጠመዘዝበት ጥምዝ ጋ ሲደርሱ ወርደው ዳሩ ላይ ቆሙ። መኪኖቹ ዐይን የላቸውም፣ መስኮት የላቸውም፤ ሲያልፉ የሚሰማው የጎማ ድምፅና ነፋስ ብቻ ነው። ነፋሱ ነጠላቸውን ይዞ ይሄዳል።

ከታች ድሬ ተዘርግታለች። የደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ ነጭ ሆኖ ይታያል። ኤልዳና ልጅ ሳለች አንድ ክረምት ያ አሸዋ ጎርፍ ሞልቶት አደረ፤ ናሆም እጇን ይዞ ዳሩ ላይ አቆማትና «ይኸውልሽ፣ ባሕር ማለት ይሄ ነው» አላት። አመነችው። ትምህርት ቤት ሄዳ የባሕር ዳርቻ ልጅ ነኝ ብላ ተናገረች፣ ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት። እያለቀሰች ስትመለስ ናሆም ደነገጠ። «ዝም በይ በቃ። ሳድግ እውነተኛውን አመጣልሻለሁ» አላት።

«ያ ነው?» አለች ኢክራም።

አንድ መኪና ከሌሎቹ ዝግ ብሎ መጣ። ከጥምዙ ወዲህ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ቁልቁል ወደ ድሬ ይወርዳል፣ አንዱ ዞሮ ወደ መጣበት ይመልሳል። መኪናው ወደ ቁልቁለቱ አዘነበለ። ኤልዳና ስልኳን ወደ አፏ አስጠጋች።

«የናሆም ካርቶን የት ደረሰ?»

«ካርቶንዎ ከእርስዎ አጠገብ ነው» አለች ድምፅዋ።

መኪናው ቀጥ አለ። ከዚያ፣ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው፣ ቀስ ብሎ ዞረና ወደ ሐረር አቅጣጫ ሄደ።

ኤልዳና እጇን ዘርግታ ቀረች። ነፋሱ አለፈ። ኢክራም ክንዷን ያዘቻትና ባጃጁ ላይ አስገባቻት። ግማሽ መንገድ ወርደው ነው የተናገረችው፣ እሱንም ዝምታውን ለመግፋት ያህል።

«የኔ ዕቃ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም። እኔማ እረሳዋለሁ። ባለፈው ጀበናውን ጠርቼ ረሳሁት፤ በሩን ስከፍት እግሬን መታኝ። የማልፈልገው ነገር ሁሉ ነው ቶሎ የሚመጣው። ያ ድንኳንሽ ራሱ...» ብላ አፏን ያዘች። «ይቅርታ።»

ኤልዳና ዞር ብላ አየቻት።

«ድንኳኑ ምን?»

«ተይው።»

«ድንኳኑን ማንም አልጠየቀውም» አለች ኤልዳና። ይህን ለኢክራም ሳይሆን ለባጃጁ ወለል ነበር የተናገረችው።

*

ቤት እንደገባች አቡጀዲውን ከግድግዳው አውርዳ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። እንደ ጉድለት ያለበት ስፌት በጣቷ እየዳበሰች ክሩን ከበርበራ ጀምራ ተከተለችው። ቀዩ ክር ብዙ ከተማ አልፎ ቀጥ ብሎ ይመጣል። ከዚያ ጣቷ ቋጠሮ ይነካል፤ ቋጠሮው ላይ ክሩ ይታጠፋል። ሌላ ቋጠሮ፣ ሌላ መታጠፊያ። ቋጠሮ የሌለበት ቦታ ላይ የታጠፈ ክር አላገኘችም።

አንድ ቦታ ላይ ክሩ ከበርበራ እስከ ደንገጎ አንድም ቋጠሮ ሳይኖረው እንደ ገመድ ተወጥሮ መጥቷል። ያንን ሳምንት አስታወሰችው። ወባ ይዟት ተኝታ ነበር፤ እንኳን ልትጠይቅ ራሷንም አታውቅም። ጎረቤቶቿም ሌት ተቀን እሷን ሲያስታምሙ ሰገነት መውጣቱን ትተው ነበር። ትኩሳቱ የለቀቃት ማለዳ ሰገነቱ ላይ በእጇ እየተደገፈች ወጥታ ጠየቀች። እዚያው ደንገጎ ላይ ቋጠሮ አለ። ከቋጠሮው ክሩ ወደ ሐረር ይመለሳል።

ስልኩን አነሳች፤ በዚህ ጊዜ ግን ሌላ ጥያቄ ነበር የጠየቀችው።

«የምጠይቀው ነው የሚያዞረው?»

«እንደዚያ ማለት ይቻላል» አለች ድምፅዋ፣ የጠየቋት ነገር የሚያሳፍር እንዳልሆነ ሁሉ። «መንገዱ የሚያገለግለው ደንበኛው በተግባር የሚያሳየውን ፍላጎት ነው። እርስዎ የሚያሳዩት ፍላጎት መከታተል ነው። ዕቃ ሲደርስ መከታተል ያበቃል።»

«ይምጣልኝ ብዬ አልጠራሁትም?»

«ጠርተዋል። በቃል የተነገረና በተግባር የታየ ሲለያይ መንገዱ በተግባር የታየውን ይይዛል።»

«እና እስከ ዛሬ...»

«እንዳያበቃብዎ ስንጠብቅልዎ ቆይተናል።»

ድምፅዋ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ክፋት ቢኖርበት ኤልዳና ትሳደብ ነበር፣ ይቀላት ነበር። ሰው ዘመዱ መንገድ ላይ መሆኑን ሲያውቅ የት ደረስክ ይላል። ዘመዱ አዋሽ ሲደርስ ይደውልለታል፣ ሚኤሶ ሲደርስ ይደውልለታል፤ ያልደወለ ሰው አልወደደም። አያቶቿም ለአውቶቡስ ተሳፋሪ እንዲህ ያደርጉ ነበር። መንገዱ ይህን ሁሉ ሰምቷል። ሰምቶም የተረዳው፣ እነዚህ ሰዎች ዕቃው መንገድ ላይ እንዲሆን ይወዳሉ ብሎ ነው።

«ካልጠየቅሁ ይመጣል?»

«ቃል ልሰጥዎ አልችልም። ያልተጠየቁ ዕቃዎች ቶሎ እንደሚደርሱ ግን ይታወቃል። በዚህ ካርቶን ስም የሚጠይቁ ሌሎች ሰዎችም እንዳሉ ላስታውስዎ።»

«እነማን?»

«ጎረቤቶችዎ።»

*

በማግሥቱ ከደጅ ደጅ ሄደች። ሰው ጠይቁልኝ ሲል እንጂ አትጠይቁልኝ ሲል ተሰምቶ ስለማያውቅ ቃሉ ራሱ አፏ ውስጥ ተንገራገጨ። ፀጉር አስተካካዩ ሙአዝ የደንበኛውን ጢም ግማሽ ላይ ትቶ አዳመጣት።

«ማለዳ ማለዳ ካርቶንሽን ስጠይቅልሽ ነው የኖርኩት፤ ደግ የሠራሁ መስሎኝ» አለ።

«ደግ ነው የሠራኸው። አሁን ተወው።»

«ሱሪዬንስ መጠየቅ እችላለሁ?»

«ሱሪህ እኔ ጋ ነው ያለው፣ ገና አልጨረስኩትም።»

«እሱንማ መንገዱም ነግሮኛል። ‹ሱሪዎ በጉዞ ላይ ነው› አለኝ» አለ ሙአዝ። ጢሙ ግማሽ የቀረው ሰውዬ ሳቀ።

እማማ ቢታንያ ግን እንቢ አለች። በሰፈሩ ሽምግልናዋ የሚከበር ናት፤ ስሟ በልጅነቷ ዘመን የወጣቶች ስም ነበር ይላሉ፣ አሁን የአሮጊት ስም ሆኗል። ማለዳ ሰገነት ላይ ስትወጣ የራሷን ከመጠየቋ በፊት የጎረቤቶቿን ትጠይቃለች፣ እንደ ጸሎት። ከሁሉም አስቀድማ የናሆምን ካርቶን።

«ያንን ልጅ ተሸክሜዋለሁ» አለች። «ደቻቱ የሞላ ጊዜ ከዳር የጎተትኩት እኔ ነኝ። ነገሩ መንገድ ላይ እያለ አልጠይቅ? መንገድ ላይ ያለውን የማይጠይቅ ምን ሰው ነው?»

«እማማ፣ እየጠየቅነው ነው ያለቀው። ትንሽ ነው የቀረው።»

«ምኑ?»

«አላውቅም። የቀረው ግን ትንሽ ነው።»

አሮጊቷ እጆቿን አየች። «በልቤስ?» አለች።

«በልብሽ ጠይቂ። አፍሽን ብቻ ያዢልኝ።»

«ልቤን አይሰማም?»

«እስካሁን አይሰማም» አለች ኤልዳና።

ከዚያ በኋላ ያሉት ማለዳዎች አስቸጋሪ ነበሩ። ሰገነት ላይ መውጣት ተወች፤ ሻይዋን ግድግዳ እያየች ጠጣች። ስልኳን ለኢክራም ሰጠቻት፤ ኢክራም ደግሞ የት እንዳስቀመጠችው ወዲያው ረሳችው። እጇ ግን አልረሳም። በምሳ ሰዓት ራሱን ችሎ ወደ ኪሷ ይገባል፣ ባዶውን ይወጣል። ካርቶኑ ምናልባት ታጁራ ነው። ምናልባት ክብደቱ ወርዶ ተፈጭቷል፤ የሌላ ሰው ሻይ ቅጠል የታሸገበት ካርቶን ሆኖ በአጠገቧ አልፎ ይሆናል። ማወቅ የምትችልበት አንድ መንገድ ብቻ ነበር፣ እሱም የሚገድለው መንገድ ነው። ሌሊት ሌሊት ናሆምን በሕልሟ ታየዋለች፤ መርከብ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ይቀባል። ልትጠራው አፏን ትከፍትና ጠርታ እንዳታዞረው ትፈራለች።

አቡጀዲው ላይ ክሩ ከደንገጎ ወደ ሐረር መታጠፊያው ላይ ቆሟል። መርፌው እንደተሰካበት ነው።

*

አንድ ቀን ሙአዝ ሱሪውን ሊለካ ኢክራም ሱቅ መጣ። ኤልዳና አንዱን እግር ከሌላው በአራት ጣት አሳጥራው ኖሮ፣ ሙአዝ ሱሪውን እንደለበሰ ወዲያ ወዲህ እየተራመደ «አይ፣ ልክ ነው፤ ድሬ ራሷ ዘመም ያለች ከተማ ናት» አለ። ኢክራም በርጩማዋ ላይ ሆና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ኤልዳናም ሳቀች። ጎኗን ይዛ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች፤ የሱሪውን ጫፍ በመርፌ ልትይዝ ጎንበስ ትልና ደግሞ ይይዛታል። ፀሐዩ ከአናት በላይ ነበር፣ ከተማው ተኝቷል።

ክር ልታመጣ ስትሻገር አንዲት ሹፌር አልባ ባጃጅ በሯ ላይ ቆማ አገኘቻት።

«ይረከባሉ?» አለች ባጃጇ፣ በዚያው ድምፅ።

ኤልዳና መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባትም። የሙአዝ ነገር ገና ፊቷ ላይ ነበር። ከዚያ ካርቶኑን አየችው፤ ጥጉ ተልጧል፣ ከበርበራ እስከ ሞጆ ያለው ማኅተም ሁሉ ተደራርቦበታል። ያን ማለዳ ከእንቅልፏ ስትነቃ ናሆምን እንዳላሰበችው ያኔ ትዝ አላት። ሻይዋን ስትጠጣም አላሰበችውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ረስታው ነበር፤ እሱም የመጣው ለዚህ ነው።

«ይረከባሉ?»

«አዎ» አለች።

«ሁለት መቶ አራት ግራም። ካርቶንዎ ደርሷል። መልካም ቀን ይሁንልዎ።» ባጃጇ ዞራ ሄደች።

ደጃፏ ላይ ተቀምጣ በስፌት መቀሷ ከፈተችው። ውስጡ በአሮጌ የቀለም ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ የውሃ ፕላስቲክ ነበር። ክዳኑ ልል ነው። ፕላስቲኩ ላይ በመርከብ ቀለም፣ በወፍራም ቀይ ብሩሽ፣ ከናሆም እጅ በቀር የማንም ባልሆነ ጽሑፍ «ይኸው ባሕሩ» ተብሎ ተጽፏል።

ከውስጡ ውሃ የሚባል ነገር አልቀረም። ከታች ነጭ ነገር ጋግሯል። ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፤ ነቀነቀችው፣ እንደ አሸዋ ተንሿሿ። ጣቷን አርሳ ነካችውና ምላሷ ላይ አደረገችው።

ጨው ነው።

ሳቀች። ትስቂያለሽ ብሏት ነበር፣ ሳቀች፤ ከሱሪው የተረፈው ሳቅ ሳይሆን ሌላ፣ ከሥር የመጣ። ኢክራም ሱቋ ውስጥ ሆና ሰማችው። ሳቁ የቱ ጋ እንደተሰበረ፣ የቱ ጋ ለቅሶ እንደሆነ ልትለይ አልቻለችም፤ ብቻ አንገቷን ብቅ ስታደርግ ኤልዳና ፕላስቲኩን እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ ድንኳኑ ሳለ ያላለቀሰችውን ሁሉ ታለቅሳለች።

ኢክራም በርጩማውን አነሳች። ከሱቁ ወጥቶ የማያውቀውን መቀመጫ ተሸክማ መንገዱን ተሻገረችና ከኤልዳና አጠገብ አስቀምጣ ተቀመጠች። ሙአዝ አጭሩንና ረጅሙን እግር እንደለበሰ መጣ፤ የሚቀመጥበት ሲያጣ ጀሪካን ደፍቶ ተቀመጠ። ግማሽ ሰፈር እንዲሁ መጣ። አንዱ ምንጣፍ፣ አንዱ የተገለበጠ ባልዲ፣ አንዱ ድንጋይ። ወንበር የለመደ ሰው መሬት ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ይጮኻል፤ ያ ድምፅ ይሰማ ነበር። መንገዱ ድንኳን አልላከም። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይለቀሳል ብሎ አላሰበም።

እማማ ቢታንያ በመጨረሻ መጣች፤ ኢክራም ተነስታ በርጩማውን ለቀቀችላት። ፕላስቲኩ ከእጅ እጅ እየዞረ ደረሳት። ሰው ሁሉ ጣቱን አርሶ አንድ አንድ ጊዜ ቀምሶ ነው የሚያቀብለው። አሮጊቷም ቀመሰች። አፏን ዘግታ፣ የሩቅ ሰው ወሬ እንደምትሰማ ሆና ቆየች።

«ውሃ ቢጨመርበት ባሕር ይሆናል» አለ ሙአዝ ቀስ ብሎ።

«ተወው» አለች ኤልዳና። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «የራሱ ውሃ መንገድ ላይ ነው።»

የት ደረሰ ያለ ሰው አልነበረም።

ኤልዳና ገብታ አቡጀዲውን ይዛ ወጣች። ከሐረር መታጠፊያ ላይ የቆመውን መርፌ ነቅላ ክሩን በደንገጎ በኩል መልሳ ቁልቁል እስከ ድሬ ሰፋችው፤ ቋጠረችውና ትርፉን በጥርሷ በጠሰችው።

ሰዉ እዚያው እንደተቀመጠ መሸ። በዚያ ምሽት ሰገነት ላይ የወጣ፣ ስልክ ያነሳ ማንም አልነበረም። ደንገጎ ላይ መብራቶቹ ጥምዙ ጋ እየደረሱ፣ አንዱም ሳይዞር፣ ተከታትለው ቁልቁል ወደ ከተማዋ ይወርዱ ነበር፤ የሰፈሩ ብርድ ልብስ፣ የልጅቷ ጫማ፣ ትልቁ ድስት፣ ሁሉም።